የመዝጊያው ምት

ጋሽ መዶሻ የቀኝ እጃቸውን አንጓ በሻርፕ ጠቅልለው፣ በክሊኒኩ መተላለፊያ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ቀን ቀን በአናጢነታቸው መዶሻ ሲያነሱ፣ ሠርግና ደስታ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከበሮ ሲመቱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ስሙ ከየትኛው ሥራቸው እንደተገኘ በውል የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ከክሊኒክ ያደረሳቸው፣ መዶሻውንም ከበሮውንም የሚያዘው ያ እጅ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት እንኳ ስላቃተው ነው።

ተጠርተው ሲገቡ የጠበቁት ሽበት የወረረው፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሐኪም ነበር። የጠበቀቻቸው ግን ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ ረጅም ቀጭን ወጣት ናት። ክፍል የተሳሳቱ መስሏቸው ወደ በሩ ዞሩ።

"ጋሽ መዶሻ፣ ይግቡ እንጂ። አላወቁኝም?"

"ድምፁን አውቀዋለሁ። መልኩ ነው የጠፋኝ።"

"ሚጢጢ ነኝ። ከወርክሾፕዎ ጀርባ ያለው ቤት ልጅ።"

ጋሽ መዶሻ ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። "ያቺ የእንጨት ፍቅፋቂ እየለቀመች ለአሻንጉሊቷ ፀጉር የምትሠራው? እንዲህ ተመዝዘሽ ሚጢጢ ነኝ ማለት ሰው ማታለል ነው። አንቺን ነው እንግዲህ ሐኪም ያደረጉሽ?"

"ሐኪም እንኳ አይደለሁም። የደከመ ጅማትና መገጣጠሚያ በእንቅስቃሴ ማከም ነው የተማርኩት። ራጅዎን ያየው ሐኪም ነው ወደ እኔ የላከዎት። በሉ ሻርፑን ልፍታው።"

ክፍሉ ጠባብ ነው። ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ፣ በግድግዳው ላይ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ በጠረጴዛው ላይ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ሳፋና መጠናቸው የተለያየ የጎማ ኳሶች አሉበት። ጋሽ መዶሻ እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ነክረው ሲቀመጡ፣ ፍቅፋቂ ስትለቅም ያዩዋት ልጅ ልትጠግናቸው መሆኑ ትንሽ ሳይከነክናቸው አልቀረም። ሆኖም ልጅቱ እያንዳንዷን ጣት ለብቻ እየያዘች ስታጥፍና ስትዘረጋ፣ የያዘውን ነገር የሚያውቅ እጅ መሆኑ ገባቸው። ሙያተኛ ሙያተኛን በእጅ አያያዙ ይለየዋልና፣ ኩርፊያቸው ወዲያው በረደ።

"አሁን ጠረጴዛውን በጣቶችዎ ይምቱልኝ። በፈለጉት አኳኋን፣ ቀስ ብለው።"

ለጋሽ መዶሻ በፈለጉት አኳኋን ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰፈሩን ጭፈራ መግቢያ መምታት ጀመሩ። ከመግቢያው ወደ ማዞሪያው ገቡ። የልጅቱ ትከሻ ሳታዝዘው ተነቃነቀ፤ ጣቶቿም በሳፋው ጠርዝ ላይ ይከተሏቸው ጀመር። ጋሽ መዶሻ ከማዞሪያው መጨረሻ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙና እጃቸውን ወደ ጭናቸው ሰበሰቡ።

"ይቀጥሉ እንጂ። መዝጊያው ቀረ።"

"እስከዚህ ይበቃል" አሉ ጋሽ መዶሻ፤ ፊታቸውም እንደ ተቆለፈ ቤት ሆነ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የዚያ ሰፈር ጭፈራ ሦስት ክፍል አለው። መግቢያው ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል፣ ማዞሪያው ክብ ሠርቶ ያዞረዋል፣ መዝጊያው ደግሞ ክቡን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ሁሉንም በአንድ እግር፣ በአንድ ቅጽበት ያቆመዋል። መዝጊያ ከሌለው ጭፈራው ይፈታል። አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይዘላል፣ ሦስተኛው ጫማውን ይፈልጋል። ታዲያ መዝጊያውን የሚያውቀው የአንድ ቤት ሰው ብቻ ነው። አባት ለአንድ ወንድ ልጁ ያወርሰዋል፤ ያውም በደህናው ቀን ሳይሆን፣ አልጋ ላይ ውሎ እንደማይነሳ ሲያውቅ ነው። እስከዚያው ድረስ ከበሮ መቺው መዝጊያው ላይ ሲደርስ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ከበሮው ላይ ይደፋል። እጁን ማንም እንዳያይበት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው እንደነበረ አልሰማሁም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሚጢጢ ነገሩን ከተወችበት አነሳችው። የጎማ ኳስ አስጨበጠቻቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ጋሽ መዶሻ፣ ባልጠይቅዎ ሆዴ አይችልም። መዝጊያውን ለማን ሊሰጡት አስበዋል?"

"ለልጄ ነዋ። ለማን ይሰጣል?"

"ለየትኛው?"

ጋሽ መዶሻ ኳሱን ጨመቅ አደረጉ። "ትልቁ ጭነት መኪና ላይ ነው፤ ቤት የሚመጣው ልብሱን ሊያሳጥብ ብቻ ነው። ትንሹ ደግሞ ከበሮ ሲሰማ ራሴን ያመኛል ይላል። ጊዜው ሲደርስ አንዱ ልብ ይገዛል።"

"ጊዜው የሚደርሰው መቼ ነው?"

"አልጋ ላይ ስውል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁን በጤናዎ እንኳ ብርጭቆ ማንሳት ያቃተው እጅ፣ አልጋ ላይ ሲውሉ ምን ሊያስተምር ነው?"

"አፍሽ እንደ መጋዝ ነው" አሉ ጋሽ መዶሻ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ደግሞስ እናንተ ወጣቶች ምን ጎደለባችሁ? ሠርግ ላይ ስመታ ስልካችሁን ደቅናችሁ ስትቀዱ አይቻለሁ። ስሙት፣ ልመዱት፤ ማን ከለከላችሁ?"

"ቀድተናል። ከሥራ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እየተሰበሰብን እየሰማን እንለማመዳለን። ግን ስልኩ ድምፁን ይሰጠኛል እንጂ እጄን አያይልኝም። ስሳሳት ዝም ይላል። እስቲ በዚሁ በእጅዎ ይፍረዱ። የጣትዎን እንቅስቃሴ በሥዕል አሳይቼ ወደ ቤትዎ ብሰድድዎት ይድኑ ነበር? ትንሽም ቢሆን የተሻለዎት ይዤዎት፣ 'እንደዚህ አይደለም፣ እንደዚህ ነው' ስላልኩዎት ነው። ምትም እንደዚሁ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። ካልሆነ ሬሳውን ነው የምንወርሰው።"

"ሴት ልጅ ደግሞ ከበሮ ታንግብ?"

"ክቡን የሞላነው እኛ ሴቶቹ አይደለንም? እግራችን የሚያውቀውን እጃችን ቢያውቅ ምን ይጎዳል?"

ጋሽ መዶሻ ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በመስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን መልክ ተመለከቱ። ቀጥሎ የተናገሩት ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሚስታቸውም ነግረውት የማያውቁት ነው።

"ልጄ፣ እኔ የምፈራውን አንቺ አታውቂውም። መዝጊያውን የሰጠ ከበሮ መቺ ያለቀለት ነው። ነገ አንቺ ስታውቂው፣ ሠርግ ያለው ሰው የእኔን በር ለምን ያንኳኳል? ጉልበት ያላት ወጣት አለችለት። ወንበር የሚሠራ አናጢ በየመንገዱ ሞልቷል። እኔን በዚህ ሰፈር ሰው ያደረገኝ ያ ምት ነው። እሱን ከሰጠሁሽ ምን ይቀረኛል?"

ሚጢጢ ስትመልስ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"እኔን ይህን ሙያ ያስተማሩኝ ሴት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በሽተኛ መንካት ትተዋል። ግን በየክሊኒኩ ያለነው ተማሪዎቻቸው አንድ ከባድ ነገር ሲገጥመን የምንደውለው ለእሳቸው ነው። ሙያቸውን ለእኛ በመስጠታቸው አልቀነሱም። ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስልክ የሚደውልላቸው አይኖርም ነበር።"

"ያንቺ ሙያ የትምህርት ቤት ነው። የእኔ የቤት ነው" አሉና ጋሽ መዶሻ ተነሡ። ሻርፓቸውን ራሳቸው ጠቀለሉ፤ ሲወጡም በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። ሰውዬው ሲናደዱ በር የሚዘጉት ቀስ አድርገው ነው።

አንባቢ ጋሽ መዶሻን ስስታም ብሎ እንዳይፈርድባቸው። ስስት ያለበት ሰው የያዘውን ነገር ለራሱ ይፈልገዋል። እሳቸው የሚጠብቁት አባታቸው አደራ ያሏቸውን ነው። ችግሩ፣ አደራ የሚጠበቅበት መንገድ አደራውን ሊያጠፋው እንደሚችል ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ያን የሚነግራቸው ሰው ደግሞ ከቤታቸው ተገኘ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው በወርክሾፑ በር አጠገብ ከገመድ ያወረዷቸውን አንሶላዎች ያጥፋሉ። ሴትዮዋ ቁጥብ ናቸው፤ ባላቸው ሲያማርሩ ሥራቸውን ሳያቋርጡ የሚሰሙ ዓይነት ሰው። ጋሽ መዶሻ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተደግፈው የልጅቱን ነገር አንድ በአንድ አወረዱት።

"አሁን ይህን ነው ያቺ ልጅ የምትችለው?" አሉና፣ ግራና ቀኝ እጃቸውን አጣምረው መዝጊያውን በጠረጴዛው ላይ መቱ። ባለቤታቸው በቤቱ ስላረጁ ከእሳቸው መደበቅ ከተዉ ቆይተዋል። ምቱ እየፈጠነ፣ እየጠበበ ሄደና በድንገት ዝም አለ። እጃቸው አየር ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ የመጨረሻዎቹ ምቶች ወረዱ።

"እዚህች ጋ ነው ጥበቡ። ይህች ዝምታ። ይህችን የሚያውቅ ከአባቴ ቤት ውጪ የለም።"

"አባትህ እዚያ ጋ ዝም አይሉም ነበር" አሉ ሴትዮዋ፣ የአንሶላውን ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠሙ።

"ምን አልሽ?"

"ቀጥ አድርገው ነው የሚዘጉት። ዝምታዋን ያመጣሃት አንተ ነህ።"

"እኔ? እኔ ከአባቴ ምት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ልጃገረድ ሆኜ በአባትህ ከበሮ የጨፈርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ያኔ እንጨት ስትልግ ነበር፣ ሠርግ ቤት አትደርስም። አንተ መጀመሪያ የመታህ ቀን ሁላችንም እግራችንን አንስተን አየር ላይ ቀረን። አንዷማ ጭራሽ ወደቀች። ኋላ ግን ለመድነው። አዲሱ መቺ የራሱን አመጣ፣ ይሁን አልን።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

ሴትዮዋ አንሶላውን አስቀመጡ። "ያሳመርከው መስሎኝ ነዋ። ደግሞስ የቤታችሁ ምሥጢር ነው አላችሁን፤ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ትመታላችሁ። ፊቱን ያዞረብህን ሰው ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?"

ጋሽ መዶሻ በርጩማውን ሳቡና ተቀመጡ። አባታቸው የተኙበት ክፍል በዓይናቸው መጣ። የተጋረደው መስኮት፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ ከብርድ ልብሱ ስር የወጣው ከሲታ እጅ። ያ እጅ በአልጋው ሳንቃ ላይ መዝጊያውን እየመታ መጣና እዚያች ቦታ ላይ ቆመ። የአባታቸው ደረት ወደ ላይ ተነሣ፣ ወረደ። ከዚያ እጁ ቀጠለ። 'ድገምልኝ' ብለዋቸው ነበር። አባት ሲደግሙም እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ።

"ትንፋሽ አጥሮት ነው" አሉ ጋሽ መዶሻ። "ትንፋሽ አጥሮት ነው የቆመው። እኔ ደግሞ የምቱ አካል መስሎኝ ያዝኩት። ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ሠርግ ላይ የአባቴን ሕመም ስመታ ነው የኖርኩት።"

ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ባለቤታቸው አጠገባቸው መጥተው ትከሻቸው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ማባበል የሚችሉበት ሴት አይደሉም፤ ያም ቢሆን እጃቸውን ቶሎ አላነሱም።

"የእሱን፣ የደህናውን ታስታውሺዋለሽ?"

"ጭንቅላቴን እንጃ። እግሬ ግን ሳያውቀው አይቀርም።"

ሴትዮዋ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ፍቅፋቂ በተበተነበት ወለል ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑና እግራቸውን ለቀቁት። እግራቸው ዝምታዋ የነበረችበትን ቦታ ሳይቆም አልፎት ሄደ። ጋሽ መዶሻ በጠረጴዛው ላይ ተከተሏቸው። እሳቸው ሲፈጥኑ ሴትዮዋ "ቀስ በል"፣ ሴትዮዋ ሲደናገሩ እሳቸው "ከመጀመሪያው" እየተባባሉ፣ ምሳቸው ቀዝቅዞ እስኪረጋ ድረስ የጠፋውን ምት ከሚስታቸው እግር ላይ መልሰው አገኙት።

በማግስቱ ጋሽ መዶሻ ያለ ቀጠሮ ክሊኒኩ ደረሱ። ሚጢጢ አንሶላ እየቀየረች ነበር።

"አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም። ተረትቼ መጣሁ" አሉና የሆነውን ሁሉ ነገሯት። "ልጄ፣ አንቺ ስትነግሪኝ ነገርሽ ውሃ አያነሳም ብዬ ነበር። አባቴ እጁ ደህና ሳለ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ አስተምሮኝ ቢሆን ኖሮ ስሳሳት ያርመኝ ነበር። ሰዉም ቢያየው ይናገር ነበር። ለሕመም ቀን የተተወው ትምህርት ታሞ ደረሰኝ። እኔም በዚሁ እጅ፣ አልጋ ላይ ውዬ፣ ሌላ ስንት ስህተት ጨምሬ ላወርስ ነበር? ከዛሬ ጀምሮ እንጀምር።"

"የእርስዎን ዝምታ ግን እንዳንተዋት" አለች ሚጢጢ። "ሰው ወዷት ስንት ዘመን ጨፍሮባታል። እሷም የሰፈሩ ሆናለች።"

"እሷን በኋላ ትማሯታላችሁ። መጀመሪያ የጤነኛውን።"

ትምህርቱ በወርክሾፑ ተጀመረ። ጋሽ መዶሻ ያላለቁ ቁም ሣጥኖችን ወደ ግድግዳ አስጠጉና ለከበሮው ቦታ ከፈቱ። ሲያስተምሩ ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ አዙረው ነው። መጀመሪያ ላይ መዝጊያው ጋ ሲደርሱ ሰውነታቸው ከልማድ የተነሣ ሊዞር ይቃጣዋል፤ ሚጢጢ "ወደዚህ፣ ጋሼ" ትላቸዋለች። ወጣቶቹ ሲስቱ እጃቸውን ይዘው ያርማሉ። ባለቤታቸውም ከበር ላይ ሆነው ሲያዩ ሰነበቱና፣ አንድ ቀን "እግራችሁ እኮ ውሸት ነው" ብለው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የእግሩ መምህርት እሳቸው ሆኑ። የሰፈሩ ሌሎች አሮጊቶችም እኔ አውቃለሁ፣ የለም እኔ አውቃለሁ እየተባባሉ መምጣት ጀመሩ።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም መደበቅ አይገባም። የጋሽ መዶሻ እጅ በየቀኑ ከመንቀሳቀሱ የተነሣ ብርጭቆ አልፎ መላጊያ መያዝ ቻለ፤ እንደ ቀድሞው ባይሆንም እንጀራ ያበላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉ ልጆች ቀና ብለው ሰው ፊት ማየት ለመዱ። ከበሮ ሲሰማ ራሱን የሚያመው ትንሹ ልጃቸው እንኳ ወንበር ሊያመጣ ብቅ ብሎ፣ ሳይታወቀው አምሽቶ የሄደበት ቀን አለ። አንድ መቺ ቢታመም ሌላው ይተካል፤ አንዱ ቢሳሳት የሚያርመው አለ። ሠርግ ያለው ሰው ደግሞ አሁንም የጋሽ መዶሻን በር ነው የሚያንኳኳው። የሚጠይቃቸው ግን "ይመቱልናል ወይ?" ብሎ ሳይሆን "ከልጆችዎ ማንን ይልኩልናል?" ብሎ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ሊቀበር የነበረ ነገር፣ በየቤቱ ሥር ሰደደ። የጋሽ መዶሻ ክብርም በዚያው ልክ ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጁን የዳረ ዕለት ከበሮውን ያነገበችው ሚጢጢ ነበረች። በድንኳኑ መሐል ፊቷን ለሰው ሰጥታ ቆማ መግቢያውን ጀመረች። ሰው ተነሣ፤ ክቡ ተሠራ። ጋሽ መዶሻ በዳር ቆመው በጆሯቸው ይከታተላሉ። ምቱ ልክ ነው። የሚያርሙት ነገር አላገኙም፤ ሆኖም ሠርግ ላይ ባዶ እጃቸውን ቆመው ስለማያውቁ፣ እጃቸውን አንዴ ኪሳቸው፣ አንዴ ከወገባቸው ኋላ ያደርጉታል። ያስፈራቸው የነበረው ቀን ይኸው መጣ፤ ከበሮው ሌላ ሰው ጋ ነው፣ እሳቸው ዳር ላይ ናቸው።

ባለቤታቸው ከክቡ ወጥተው መጡና ፊታቸው ቆሙ።

"ና።"

"ወዴት?"

"ወደ ክቡ ነዋ።"

"እኔ ጭፈራ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። በሠርጋችንም ቀን አታውቅም ነበር። ሙሽራው ከበሮ ላይ፣ ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ነበሩ። ቬሎዬን ለብሼ ጀርባህን ሳይ ዋልኩ።"

ጋሽ መዶሻ ሚስታቸውን ተመለከቱ። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ይህን ነገር አንስተውላቸው አያውቁም።

"መዝጊያውን የሚመታ ሌላ ሰው አልነበረም እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

"አልነበረም። ዛሬ ግን አለ።"

እጃቸውን ሰጡ። ክቡ ተከፍቶ ሁለቱንም አስገባና ተዘጋ። ምቱን ከዚያ ድንኳን ሰው ሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ሰው፣ ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ከጎናቸው ያለውን ሰው ረገጡ። "ግራህን" አሏቸው ባለቤታቸው። ግራቸውን አነሱ። ሚጢጢ ከማዞሪያው ወደ መዝጊያው ገባች፤ ክቡ እየጠበበ፣ እየፈጠነ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጠጋጋ መጣ። ጋሽ መዶሻ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ፊታቸው ግን እንደ ሕፃን በርቷል። ሰው ሁሉ በአንድ እግር ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ እሳቸው ብቻ አንድ እርምጃ አልፈው ሚስታቸው ላይ ተደገፉ።

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋ የባላቸውን እጅ ሳይለቁ ወደ ሚጢጢ ዞሩ።

"ልጄ፣ ካልደከመሽ ከመጀመሪያው ምቺልን" አሉ። "ሙሽራዬ ገና መልመዱ ነው።"